ይሁኔ የተገዘተበት ክኒን

ይሁኔን ያስገዘትነው እኛ ነን። «እኛ» ስል ጥፋቴን ከሰው ጋር ለመካፈል አይደለም፤ ቃሉን ቆጥሬ ያስያዝሁት እኔ ተሾመ ነኝ። ሽምግልና ተቀምጬ ቀዳዳ የሌለው ቃል አስይዤ መነሳት ያኮራኝ ነበር።

ይሁኔ ከቆቦ ወጣ ብሎ በጉድጓድ ውሃ ሽንኩርት የሚያለማ ጎረቤቴ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ዳሌው ውስጥ ፍንጣሪ ገባና ለጥቂት ተረፈ። ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። ቁስሉ ሲድን ክኒኑ አልለቀቀውም። ያለ ማዘዣ ከሚሸጡ ሰዎች እየገዛ፣ አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አምስት እየሆነ፣ በመጨረሻ ካልዋጠ ከመደቡ የማይነሳ ሰው ሆነ። ሽንኩርቱም ውሃ አጥቶ ማሳው ላይ ጠወለገ። ሚስቱ ዘነበች ሲጨንቃት እኔንና የንስሐ አባታቸውን አባ አላምረውን ጠራች።

በእኛ አገር አንድ ሰው ከክፉ ነገር እንዲርቅ ሲፈለግ በሽማግሌ ፊት ይምላል፣ ቄሱም ይገዝቱታል። መጠጥም ይሁን ጠብ፣ ግዝት ያስፈራል፤ ያፈረሰው እንደሆነ መዘዙ ለልጁ ይተርፋል ይባላል። አባ አላምረው «ከዚህ ከሚገድልህ ክኒን» ብለው ሊጀምሩ ሲሉ አቋረጥኋቸው። ሱሰኛ ብልጥ ነው፣ ነገ ሌላ ስም ያለውን ፈልጎ ይውጣል፣ «ማናቸውንም ክኒን» ይባል አልሁ። ተባለ። ይሁኔ መስቀሉን ተሳልሞ ማለ። መርቀን፣ የቀረበልንን በልተን ወጣን፤ ሥራዬን የጨረስሁ መስሎኝ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ላብ ያጠምቀው፣ እግሩ ያለ ፈቃዱ ይራገጥ፣ ሆዱም አልቆም ይለው ጀመር። በአምስተኛው ቀን ዋጠ። እኛም ሰማንና ተቆጣን፤ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። እሱ ደግሞ ግዝት የጣስሁ ሰው ነኝ ብሎ ቤተ ክርስቲያን መሳለሙን ተወ። ዓመት ከመንፈቅ እንዲያ ኖረ። አንድ ቀን ከውሃ ሞተሩ አጠገብ አረፋ እየደፈቀ ወድቆ ተገኘና ሆስፒታል ገባ።

እዚያ ሐኪሞቹ ከምላስ ሥር የሚሟሟ ሌላ ክኒን ጀመሩለት። ሔራን የምትባል ነርስ አጠገቧ አስቀምጣ አስረዳችው፤ የሚያሰክር ሳይሆን ያንን ጥማት የሚያስታግሥ፣ በየቀኑ የሚወሰድ፣ በራስ ፈቃድ የማይቋረጥ መድኃኒት ነው አለችው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሰው ሆነ። ቦዩን ጠረገ፣ ችግኝ አፈላ። በዚያው ሰሞን ዘነበች ሴት ልጅ ወለደችለት።

ሰው ግን ዝም አላለም። ክኒን በክኒን ለወጠ እንጂ መች ተወ ይባል ነበር፤ አልዋሽም፣ እኔም ብያለሁ። ይሁኔ ራሱ የሚያምነው ይህንኑ ነበር። ለሔራን ተሽሎኛል ይላታል፤ ቤቱ ሲገባ ግን ለዘነበች በየጠዋቱ ግዝቴን እየሰበርሁ ነው ይላት ነበር። የልጅቱ ክርስትና ሳምንት ሲቀረው መድኃኒቱን ተወ። መዘዙ ለልጄ እንዳይተርፍ፣ ነጽቼ ላስጠምቃት አለ።

ዘነበች በአራተኛው ቀን እያለቀሰች መጣች። ይሁኔ እንደገና ይንቀጠቀጣል፤ የድሮውን ክኒን ፍለጋ ሮቢት ከተማ ልሂድ ብሎ ሲነሳ ከበር መልሳው ነው። «አያ ተሾመ፣ ያሰሩትን ይፍቱልኝ» አለችኝ። አፈርሁ። ሔራን ጋ ደወልን። የድሮውን ያህል ዛሬ ቢውጥ ሰውነቱ አይችለውም፣ ሊሞት ይችላል፣ አሁኑኑ አምጡት አለች። ሮጬ አባ አላምረው ቤት ሄድሁ። ሰምተው መስቀላቸውን አነሱ።

«እኔ የገዘትሁት አንተ ባወጣኸው ቃል ነው» አሉኝ። «ና፣ አብረን እንፍታው።»

ይሁኔ ብርድ ልብስ ተከናንቦ ግድግዳ ተደግፏል። አባ ጸሎት አድርሰው በመስቀሉ ባረኩት፣ ከግዝቱም ፈቱት። እሱ ግን አልተቀበለም፤ ማናቸውንም ክኒን ብዬ ነው የማልሁት፣ ይኸም ክኒን ነው አለ። ያኔ ከኪሴ የደም ግፊት መድኃኒቴን አወጣሁ። አሥራ አንድ ዓመት በየጠዋቱ የምውጠው ነው፤ እሱን ያስማልሁ ቀን እንኳ ውጬ ነበር የመጣሁት።

«ያለዚህ አልኖርም» አልሁት። «ማንም ግን አስምሎኝ አያውቅም። ቃሉን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። መዘዝ ካለው በእኔ ይሁን።»

ክኒኑን ከእጄ ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከዚያ ተነስቶ ጫማውን አደረገ። በባጃጅ ወሰድነው። ሔራን ክኒኑን ሰጠችው፤ ከምላሱ ሥር እስኪሟሟ መናገር ስለማይችል አጠገቡ ተቀምጠን ጠበቅነው። ሲያልቅለት ወደ እኔ ዞረ።

«የግዝቱን ነገር አባ ያውቃሉ» አለኝ። «ያኔ ግን፣ አያ ተሾመ፣ አምስቱን ቀን ስታገል በር በሩን ነበር የማየው። ከሁለታችሁ አንዳችሁ እንዴት ዋልህ ልትሉኝ ትመጣላችሁ ብዬ።»

የእኔንና የእሱን ቤት የሚለየው አንድ የሽንኩርት ማሳ ነው። በእነዚያ አምስት ቀናት በአጥሩ ሥር ሳልፍ ሲያቃስት ሰምቼዋለሁ። ግዝቱ እየሠራ ነው ብዬ ነበር ያለፍሁት።