የይድነቃቸው ባለ ሁለት አፈሙዝ

ይድነቃቸው በስድሳ ዓመቱ ጣሊያን ሠራሽ ባለ ሁለት አፈሙዝ ጠብመንጃ ገዛ። ከአገሩ ወጥቶ ክሪስታል ሲቲ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሰው መኪና ሲያቆም የኖረ፣ የራሱ ኮሮላ በር በገመድ የታሰረ ሰው፣ የመኪና ዋጋ የሚያወጣ መሣሪያ! አሌክሳንድሪያ ባለው አፓርታማው ቁጭ ብሎ ሰደፉን በለስላሳ ጨርቅ ሲወለውል፣ ባለቤቱ የዓለምዘርፍ፣ «እኔን በሙሽርነቴም እንዲህ አላባበልከኝ» ትለዋለች።

ጠብመንጃው ለአደን አይደለም፤ ማሽን ወደ ሰማይ የሚወነጭፋቸውን የሸክላ ሳህኖች በውድድር ለመስበር ነው።

«ሳህን መስበር ካማረህ ኩሽና ሙሉ አለልህ።»

በመጨረሻ ተዋዋሉ። በተኩስ ክለቡ የጥቅምት ውድድር ከሃምሳው ሳህን ግማሹን ከሰበረ ጠብመንጃው ይቀራል፤ ካልሰበረ ይሸጣል። ይድነቃቸው በሚካኤል ማለ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የመጣው የጥንት የሥራ ባልደረባው ዓብዱ ምስክር ሆነ፤ «ወላሂ፣ ሚካኤል ቢምርህ እኔ አልምርህም!» አለው።

እዚህ ላይ የይድነቃቸው አስተዳደግ መነገር አለበት። መራቤቴ ሳለ ማሽላውን ከዝንጀሮ እንዲጠብቅ አባቱ ጥይት ሲሰጡት አንድ፣ ግፋ ቢል ሁለት ነበር። «ልጄ፣ ካላመንክባት አትተኩሳት» ይሉት ነበር። ለዝንጀሮ ደግ ምክር ነው፤ ዝንጀሮ ቆሞ ያይሃል። ሳህን ግን ማንንም አይጠብቅም።

በውድድሩ ቀን ሳህኖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተወነጨፉ። ይድነቃቸው ሳህን ልቀቁ ለማለት «ፑል!» ይልና አንደኛውን ይሰብራል፤ ሁለተኛውን ሲያልም፣ ሲያልም፣ ሳህኑ ደኅና ገብቶ ሣር ላይ ያርፋል። ያልተተኮሰችውን ጥይት አውጥቶ ኪሱ ይከታል። ኪሱ እንደ ሽምብራ ነጋዴ አበጠ።

«ለፋሲካ ነው የምታስቀምጣት?» ብሎ ዓብዱ ከኋላ ጮኸ።

ዳኛው እንኳ አዝኖለት፣ «ሰር፣ ሁለተኛውንም መተኮስ ይፈቀዳል» አለው።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ሳህኖች ሲቀሩ ሃያ አራት ሰብሯል። አንድ ብቻ ጎደለው። «ፑል!» አለ። በመጀመሪያው ቸኩሎ ሳተ። ሁለተኛው ከፊቱ ከፍ ብሎ፣ ሰፋ ብሎ፣ ልክ እንደ ምሣ ሳህን ታየው። አሁን! ግን ትንሽ ቢጠጋ... ትንሽ ዝቅ ቢል...

ሳህኑ ሳይሰነጠቅ ሣሩ ላይ ተቀመጠ።

የዓለምዘርፍ ከታጣፊ ወንበሯ ብድግ አለች። «አንተ ሰውዬ! ተኩሰህ ብትስት ምን ነበረበት?»

«እርግጠኛ አልነበርኩማ!»

«ስትገዛው ግን እርግጠኛ ነበርክ።»

ይድነቃቸው ራሱ ቀድሞ ሳቀ።

መሐላ መሐላ ነውና ጠብመንጃው በሳምንቱ ተሸጠ። የገዙት በዚያው ውድድር አንደኛ የወጡ፣ በከዘራ የሚሄዱ አሮጊት ናቸው። እሱ አሁን የክለቡን የኪራይ ጠብመንጃ ይዞ ይወዳደራል። ባለፈው ወር ሃያ አራት ሰበረ። ያን ዕለት ወዲያው ለዓብዱ ስልክ ደውሎ፣

«አየህ» አለው፣ «ጣሊያኑ ንጹሕ ነበር። ጥፋተኛው እኔው ነኝ።»