የጥጥዬ ቁርባን

ሰፈርተኛው ጥጥዬ ይላታል። ፍራሽ ሠሪ ናት፤ ከፀጉሯና ከቅንድቧ ላይ ጥጥ አይጠፋም፣ ስሙም የወጣላት ከዚያው ነው። ጎረቤቷ ፀጉር አስተካካይ «አንቺ ሴትዮ፣ አንድ ቀን ስታስነጥሺ ትራስ ይወጣሻል» እያለ ይቀልድባታል። እሷም ትስቃለች። ሳቂታ ነበረች፤ ሳቋን የሚያውቀው ግን መንገደኛው እንጂ ባሏ አልነበረም።

ባሏ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ሁለቱም ካቶሊኮች ናቸው፣ እዚያው ሰፈር ባለው ቁምስና፣ በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን የተጠመቁ፣ በልጅነታቸው እዚያው የቆረቡ። «ይቺን አንዲት ጉዞ ልመለስና በተክሊል አገባሻለሁ» ብሎ ከእናቷ ቤት ይዟት ወጣ። ከጉዞው ተመለሰ፤ ሌላ ጉዞ መጣ። ዛሬ ነገ ሲላት ጠጉሯ ሸበተ። ልጅም አልወለዱም።

ቤተ ክርስቲያን ላልባረከችው ኑሮ ቁርባን የለም። ጥጥዬ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ አትቀርም፤ ሰው ሊቆርብ ሲነሣ ግን ጉልበቷን ወደ ጎን አዙራ ታሳልፋለች። አንዳንዱ «ይቅርታ» ብሏት ያልፋል፣ አንዳንዱ ደግሞ እግሯን ረግጧት። ቤት ገብታ ነገሩን ስታነሣበት፣ ሾፌሩ ቀና እንኳ ሳይል፦

«ምን ጎደለብሽ? ትበያለሽ፣ ጣሪያ አለሽ። ቄስ ምን ሊጨምርልሽ ነው?» ይላታል።

ከሁሉ የሚብሰው የእኅቱ ነበር። ታላቅ እኅቱ በቁምስናው ለመጀመሪያ ቁርባን የሚዘጋጁ ሕፃናትን ታስተምራለች፤ ሰው ሁሉ መምህርት ይላታል። ጥጥዬን በሰው ፊት ስታስተዋውቅ «የወንድሜ ሴትዮ ናት» ትላለች። «ሚስት» የሚለው ቃል ከአፏ ወጥቶ አያውቅም። አንድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ ሕፃናቱን ሰብስባ ስለ ኃጢአት ስታስረዳቸው፣ አጠገባቸው በምታልፈው በጥጥዬ ላይ ዓይኗን ተክላ «ለምሳሌ» አለች። ሌላ አልጨመረችም። ልጆቹ ዘወር ብለው አዩዋት። ጥጥዬ የዚያን ዕለት መሬት ተከፍቶ ቢውጣት በወደደች።

ከዚያ ሾፌሩን ጉበቱ ጣለው። ሆዱ ተነፋ፣ ዓይኑ ቢጫ ሆነ፣ ሐኪሞቹም ወደ ቤት ይዘሽው ሂጂ አሏት። ቤቱ አንድ መኝታ ክፍልና ከፊት ለፊቱ ያለው የፍራሽ መሥሪያው ነው፤ መካከላቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ነው። ጀርባው እንዳይቆስል ለእሱ ብቻ የሚሆን ፍራሽ ሠራችለት፤ ወገቡ ጋ ሳሳ፣ ትከሻው ጋ ወፈር ያለ። ታጥበዋለች፣ ታገላብጠዋለች። ሲያገላብጡት የሚያመው በቀኝ በኩል ነው፤ ግራ እጇን ከጉልበቱ ሥር አስገብታ፣ አገጩን ትከሻዋ ላይ አስደግፋ ስታዞረው አይጮህም። ይህን የምታውቅ እሷ ብቻ ነበረች። ምስጋና ግን የለም። ሾርባው ቀዝቅዟል ብሎ ሳህኑን ደረቷ ላይ የደፋባት ጊዜ ነበር።

የቁምስናው ቄስ፣ ወጣቱ ቆሞስ፣ ሊጠይቁት ሲመጡ ጥጥዬ በር ላይ ያዘቻቸው።

«አባ፣ ሳይሞትብኝ ያጋቡን» አለች።

«ይቻላል እኅቴ» አሏት። «ሁለት ምስክር ይበቃል። እርስዎ ቀድመው ይናዘዙ፤ እሱንም እዚያው አናዝዤ፣ ተክሊሉን ፈጽሜ፣ እሱን የሕሙማን ቅብዐት ቀብቼ ሁለታችሁንም አቆርባለሁ።»

እሱን ጠየቀችው። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ «እንደፈለግሽ» አላት። ይህን «እሺ» ብላ ወሰደችው።

ያን ሳምንት ጥጥዬ መሬት አልነካችም ማለት ይቻላል። የረሳቻቸውን ጸሎቶች ጥጥ እየነደፈች ደገመቻቸው። አንድ የደህና ቀን ልብስ ነበራት፤ አጥባ ተኮሰችው። ዓርብ ዕለት ተናዘዘች። ቅዳሜ ጠዋት ክፍሉን ወልውላ፣ ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ አንጥፋ ሻማ አቆመች። ምስክሮቹ ፀጉር አስተካካዩና መምህርት ነበሩ፤ እኅቱን የጠራችው ራሷ ጥጥዬ ናት፣ ትታረቀኝ ይሆናል ብላ።

አባ መጽሐፋቸውን ገለጡ። ከአልጋው አጠገብ የቆመችውን ጥጥዬን አዩ፣ ከዚያ ወደ በሽተኛው ጎንበስ ብለው፦

«ይህችን ሴት ማንም ሳያስገድድህ፣ በሙሉ ፈቃድህ ሚስትህ ትሆን ዘንድ ትወዳለህ?» አሉት።

ሾፌሩ ዓይኑን ጣሪያው ላይ ተከለ። አባ ያልሰማ መስሏቸው ደገሙለት።

«ሰምቻለሁ» አለ። «አልወድም።»

ፀጉር አስተካካዩ ሳቅ ይሁን ሳል ያልለየለት ድምፅ አወጣ። ጥጥዬ ጆሮዋን አላመነችም።

«ምን አልክ?»

«አልወድም አልኩ! ጤነኛ ሆኜ ያላደረግኩትን ልሞት ስል ነው የምታስሪኝ? ቤት ነበረኝ፤ ቤቱን የምትይዝ ሴት ያስፈልገኝ ነበር፤ ያዝሽ። አለቀ።» ትንፋሽ አጥሮት ቆመ፤ ከዚያ ወደ ቄሱ ዞረ። «አባ፣ እኔን አናዝዙኝ፤ መቁረብ የምፈልገው ለራሴ ነው።»

አባ ላብ አጠመቃቸው። ከሴት ጋር አንድ ቤት እየኖርክ፣ ላገባትም አልፈልግም እያልክ እንዴት ይሆናል ብለው ሊያስረዱት ሲሞክሩ መምህርት ጣልቃ ገባች።

«ይለያዩ!» አለች። «ከዛሬ ጀምሮ ተለያይተዋል። እኔ አስታምመዋለሁ። አይደለም ወንድሜ?»

«ትውጣ» አለ ሾፌሩ።

«ለዛሬ እዚያ ማዶ ብትሆን...» አሉ አባ ሰው ሁሉ እንዲስማማላቸው ዙሪያውን እያዩ። የሚያያቸው አልነበረም።

ጥጥዬ ወጣች። መሥሪያው ውስጥ ጆንያ ላይ ተቀመጠች። መምህርት በሩን በስተኋላዋ ዘጋችው። በጣውላው ወዲያ የኑዛዜው ሹክሹክታ፣ ከዚያም የቅብዐቱና የቁርባኑ ጸሎት አንድ በአንድ ተሰማት። እሷ ባነጠፈችው ጨርቅ፣ እሷ ባበራችው ሻማ ቆረበ። የደህና ቀን ልብሷን እንደለበሰች ነበር።

ሾፌሩ ወዲያው አልሞተም። ቀናት ቆየ። መምህርት ክፍሉ ውስጥ ከተመች፤ ጥጥዬ መሥሪያው ውስጥ ጥጥ ላይ ትተኛለች። እንዲህ ሆኖ ሳለ አንድ ከሰዓት በኋላ፣ መምህርት መድኃኒት ልትገዛ በወጣችበት፣ ከወዲያ ድምፅ መጣ።

«ጥጥዬ! አዙሪኝ!»

መርፌዋ አየር ላይ ቆመ።

«ጥጥዬ፣ ጎኔን! እባክሽ! ነይ!»

በሩ አልተቆለፈም። አራት እርምጃ ብትሄድ እጇን ከጉልበቱ ሥር ታስገባለች፣ ጩኸቱ ያቆማል። ጥጥዬ መርፌዋን ወደ ፍራሹ ሰደደችው፣ በወዲያ አወጣችው፣ ክሩን ጠበቅ አደረገችው። እሱ ይጠራል፤ እሷ ትሰፋለች። ጥሪው ወደ ለቅሶ፣ ለቅሶው ወደ ማቃሰት ወረደ። መምህርት ስትመለስ ጥጥዬ የፍራሹን ጠርዝ ጨርሳ ነበር። በማግስቱ ሞተ።

በፍትሐቱ ላይ መምህርት ፊት ወንበር ተቀመጠች፤ ጥጥዬን ከኋላ ከሰፈርተኛው ጋር አስቀመጧት። ከቀብር ሲመለሱ የመሥሪያው ዕቃ ደጅ ወጥቶ ጠበቃት። «ቤቱ የአባታችን ነው» አለች መምህርት፤ በዚያው ተለያዩ። ፀጉር አስተካካዩ «ከኔ ቤት ጀርባ ያለችው ጎጆ ባዶ ናት፤ ፀጉርና ጥጥ አብሮ ይኖራል» ብሎ ወሰዳት። ቀልዱ የዚያን ቀን አላሳቃትም።

አሁን ግን የሚከለክላት አልነበረም። አባ ራሳቸው መጥተው፣ ዓይኗን ማየት ፈርተው፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ነገሯት። ተናዘዘች። ጩኸቱን ሰምታ እንዳልተነሣች ሳትደብቅ ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ፈቷት። እሑድ ተሰልፋ ቆረበች። ሰው ተንሾካሾከ፤ «ሞቱን ስትጠብቅ ነበር» ያለም አለ። እሷ አልሰማችም። ቤቷ ገብታ፣ በሯን ዘግታ፣ ባሏ ሲሞት ያላለቀሰችውን አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ለወራት ሰው ሆነች፤ ሳቋም ተመለሰ።

አንድ ጠዋት በሯ ላይ መምህርት ቆማለች። ከስታለች፤ ፊቷ ልጥ መስሏል። አንገቷ ላይ እጢ ወጥቶባት በቀዶ ጥገና ልትቀደድ ነው።

«አባ ላኩኝ» አለች። «ሳልቀባ ወደ ሐኪም ቤት መግባት አልፈልግም። መጀመሪያ ከሷ ታረቂ አሉኝ።»

ጥጥዬ ጥጧን መሙላት አላቆመችም። «ተቀመጪ» አላለቻትም። መምህርት ቆማ ጠበቀች፤ በመጨረሻ ግድግዳውን ተደገፈች። ፍራሹ ሞልቶ ሲያልቅ ጥጥዬ ቀና አለች።

«ምን አልሽኝ እትዬ?»

«ይቅር በይኝ።»

«አልሰማሁሽም።»

«ይቅር በይኝ አልኩ!»

«ደጅ ወጥተሽ በይው። ደጀ ሰላም ላይ ስትናገሪ ድምፅሽ ትልቅ ነበር።»

መምህርት ወጣች። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ ብቅ አለ፤ ፊቱ በአረፋ የተሸፈነ ደንበኛውም ከኋላው። በነሱ ፊት፣ አንገቷን በእጇ ደግፋ «የወንድሜ ሚስት፣ ይቅር በይኝ» አለች።

ይህ ቃል ለጥጥዬ ድሮ ቢባልላት ኖሮ እግሯ ላይ ትወድቅ ነበር። አሁን ሰማችውና ውስጧን ፈተሸችው። ምንም አልነበረም፤ እሱ እየጠራት ስትሰፋ የዋለችበት የዚያ ከሰዓት በኋላ ዓይነት ጸጥታ ብቻ።

«አልምርሽም» አለች። «ሂጂ ተቀደጂ።»

«ጥጥዬ፣ ኧረ በፈጠረሽ!» አለ ፀጉር አስተካካዩ።

«አንተ ሰውየውን ላጭ።»

መምህርት ከቀዶ ጥገናው በሰላም ወጣች። ተቀብታ፣ ቆርባ ነበር የገባችው፤ ይቅርታውን ጠይቃለችና የእሷ ድርሻ አብቅቷል። ዛሬም ሕፃናቱን ታስተምራለች።

አባ ወደ ጥጥዬ መጡ። ልመናም ቁጣም ሞከሩ። በመጨረሻ «ልብዎ እንዲህ ሆኖ እንዴት ላቆርብዎ እችላለሁ?» አሏት።

«አይችሉም» አለች።

«ያን ያህል ዓመት የናፈቁትን?»

«ያን ያህል ዓመት አባ፣ ማንም እኔን ምንም ጠይቆኝ አያውቅም። እሷ ጠየቀችኝ። እምቢ ማለት እንዲህ እንደሚጣፍጥ አላውቅም ነበር።» ይህን ስትል ፊቷ ላይ ደስታም ኀዘንም አልነበረም። «ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ግን አልመልሰውም።»

አባ በረንዳው ላይ ትንሽ ቆሙ። ከዚያም፣ እሑድ ለቅዳሴ ትመጣ እንደሆነ ጠየቋት።

እሑድ የምታደርሰው ፍራሽ እንዳላት ነገረቻቸው።