መርፌ፣ ሎሚ፣ ጃንጥላ

ወንድሜ መርሳት የጀመረ ጊዜ ሮቤ ውስጥ ከኔ በቀር በሽታ ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። የቀትሩን ዙህር ሰግዶ ይወጣል፣ ጫማውን ሲያጠልቅ መስገዱ ይጠፋዋል፣ ተመልሶ ገብቶ እንደገና ይሰግዳል። ሰፈሩ ተደነቀ። «ማሻአላህ፣ ኦቦ በስተርጅና እንዴት ያለ ዲን ያዘ!» አሉ። እኔ «ዲን አይደለም፣ ጭንቅላቱ ነው» ብል ምቀኛ ተባልኩ።

ቀጥሎ በሚኒባስ ጎባ መመላለስ ጀመረ። የድሮው ክፍለ ሀገር ቢሮ ደጃፍ ቆሞ፣ ከደርግ ጋር አብሮ የጠፋ አንድ ጸሐፊ የት እንደገባ ይጠይቃል። ሰው ያከብረዋልና ሻይ ጋብዞ፣ ሚኒባስ ላይ አሳፍሮ ይመልሰዋል። አንድ ቀን ግን ሚኒባሱን ትቶ በእግሩ ሽቅብ የሳነቴን ተራራ መንገድ ያዘ። ሊመሽ ሲል የጭነት መኪና ሾፌር አገኘው፤ ጣቶቹ በብርድ ከመድረቃቸው የተነሳ የካፖርቱን ቁልፍ መፍታት አቅቶት ነበር። ሳነቴ ላይ ውጭ ያደረ ሽማግሌ በሕይወት አይመለስም። ሚስቱ ሞታለች፣ ልጆቹ ርቀዋል። የቀረሁት እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ የራሴ ቤት አለኝ፣ ደጁ ላይ ታስሬ አልውልም።

በዚህ መሃል የሽማግሌ አእምሮ የሚያጠኑ ወጣቶች ከአዲስ አበባ መጡ። የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ ጠረጴዛ ዘረጉ። ዕድሜው የገፋ ሁሉ ቀርቦ ይጠየቃል፤ መርሳት የጀመረው ተለይቶ፣ ለጥቂት ቀን ጎባ ወደመጣው የአእምሮ ሐኪም በነጻ ይላካል። የሚላከው በፈተናው የወደቀ ብቻ ነው። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ። ለመውደቅ መቼም ዝግጅት አያስፈልግም ብዬ።

ጠያቂዋ ልጅ መጀመሪያ ሦስት ቃል ትናገራለች፤ መርፌ፣ ሎሚ፣ ጃንጥላ። ከዚያ ሌላ ሌላ ታስወራህና ድንገት «ቅድም ያልኩዎትን ይንገሩኝ» ትላለች። ደህና ዘዴ ነበር። ግን አዳራሹ አንድ ክፍል ነው፤ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ ከኋላ አግዳሚ ላይ ተደርድሮ ያዳምጣል።

የኛ ሰው ደግሞ አመል አለው። ኢማሙ እያሰገደ የቁርኣን አንቀጽ ቢጠፋው ከኋላው ያለው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያቀብለዋል። ነውሩ ዝም ብሎ ማየት ነው። እንዲህ ለምዶ ያደገ ሕዝብ ፊት አንድ ሽማግሌ አስቀምጠህ «ሁለተኛው ምን ነበር?» ብለህ አፋጥጠው እስቲ።

«አባባ፣ ሁለተኛው?» አለች ልጅቷ ከፊታችን የነበሩትን አዛውንት።

«ሎሚ!» አለ አግዳሚው በአንድ አፍ።

«እባካችሁ፣ እሳቸው ብቻ ይመልሱ!»

«እሳቸውም ሎሚ ሊሉ ነበር» አለ ባለሱቁ። «ተናነቃቸው እንጂ።»

ሰው በዝቶ እኛ ለማግስቱ ተቀጠርን። ማታውን ሦስቱ ቃላት ከተማውን አዳረሱ። ባለጋሪ ከባለጋሪ ሲተላለፍ «መርፌ!» ይለዋል፣ ያኛው «ሎሚ!» ብሎ ይመልሳል። ጠዋት ወንድሜ ቤት ስደርስ ጎረቤቱ፣ ክርስቲያኗ አሮጊት፣ ዳቦ ይዛ መጥታ እየቆረሰች ታስጠናዋለች።

«እትዬ፣ ተዪው። ካልወደቀ ሐኪም አያየውም።»

«ሰው ፊት ይዋረድልህ? አንተ ድሮም አንጀት የለህም። በል ኦቦ፣ ከሎሚ ቀጥሎ?»

አዳራሹ ስንደርስ ወንድሜ ወንበሩ ላይ ገና ሳይደላደል «መርፌ፣ ሎሚ፣ ጃንጥላ» ብሎ ጠያቂዋን ገላገላት። ቀኑን ባለሱቁ አቀበለው። ወሩን ሙአዚኑ አቀበለው። የት ነው ያለነው ስትለው «ባሌ ክፍለ ሀገር» ሲል አዳራሹ በሙሉ «እህ እህ» ብሎ ሳለ፤ እሱም «ሮቤ፣ ኦሮሚያ» ብሎ አስተካከለ። ተጨበጨበለት። ልጅቷም ታክቷት መሰለኝ «ጎበዝ ነዎት አባባ፣ ጤነኛ ነዎት» ብላ ሸኘችው።

ተራው የኔ ሆነ። ለኔ ማንም አላቀበለኝም።

«ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?»

«በየትኛው? በሂጅራ፣ በአበሻ ወይስ በፈረንጅ?»

«እሺ፣ ማንበብ የተማሩት መቼ ነው?»

«ሁለቴ» አልኳት። እውነቴን ነው። በደርግ ጊዜ፣ ጺሜ ሊሸብት ሲል፣ መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ቆጠርኩ። የሱቅ ታፔላ እያነበብኩ መኩራት ስጀምር መንግሥት ተለወጠና ታፔላው በላቲኑ ፊደል፣ በቁቤ ተጻፈ። ማንበብ የምችል ሆኜ ተኝቼ መሃይም ሆኜ ተነሳሁ። ቋንቋው የእናቴ፣ ፊደሉ ባዳ። እሱንም እንደ ሀ ሁው እንደገና ከመጀመሪያው ጀመርኩ። ልጅቷ ግን ዘግይቶ መማር ለመርሳት ያጋልጣል አለች። ከሰው ጋር ይጫወታሉ ወይ ስትለኝ አልወድም አልኳት። እሱም ያጋልጣል አለች። ሰዓት ይሳሉ አለችኝ። ክቡን ሠርቼ ቁጥሩን ደረደርኩና ዘንጉን የፈለግሽው ላይ ራስሽ አድርጊው አልኳት።

«ሦስቱን ቃላትስ?»

«ባለጋሪ ሁሉ የሚጮኸውን ልደግምልሽ? አልልም።»

አልልም ማለቴ አላስታውስም ተብሎ ተያዘ። ሪፈር ተጻፈ። ለኔ! አግዳሚው ከንፈሩን መጠጠ። «እኔማ ድሮም ጠርጥሬዋለሁ» አለች አሮጊቷ።

ተናድጄ ወረቀቱን ልቀደው ነበር። ከዚያ ሳስበው ሐኪም ዘንድ የሚያስገባው እሱ ብቻ ነው። ወንድሜን አስታማሚዬ ነው ብዬ ጎባ ይዤው ሄድኩ።

ሐኪሙ ቀና ብሎ «በሽተኛው ማነው?» ሲል ሁለታችንም በአንዴ ጣታችንን ቀሰርን፤ እኔ ወደሱ፣ እሱ ወደኔ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። አልሳቀም። ወንበሩን ወደ ወንድሜ አዞረ።

«አባቴ፣ ዛሬ ከየት መጡ?»

ወንድሜ ዘወር ብሎ ኋላውን አየ። ግድግዳ ነው። አግዳሚ የለ፣ ባለሱቅ የለ። ከዚያ እኔን አየኝ። ሮቤ የምትል ቃል ምላሴ ጫፍ ደርሳ ነበር። ዋጥኳት።

«መርፌ» አለ ወንድሜ። «ሎሚ። ጃንጥላ።»

«ልጆች አለዎት?»

«መርፌ፣ ሎሚ…» ድምፁ እየወረደ ሄደ። ወደኔ ዞሮ በኦሮምኛ «ለምን ዝም አልከኝ?» አለኝ።

ሐኪሙ ለደም ግፊቱ መድኃኒት አዘዘ። ለመርሳቱ የሚያድን የለም አለ። «ብቻውን አይሁን። ካሁን በኋላ ከደጅ ሲወጣ ሰው አይለየው።»

«ሲዞር የኖረ ሰው ነው። በምን ይቀመጥልኛል?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ።»

በሚኒባስ ስንመለስ ወንድሜ ለተሳፋሪው ማውራት ጀመረ። «ታናሼ ነው፣ ታሞብኝ። ፈተና ወደቀ። ጭንቅላቱን ነው። ጎባ ድረስ አምጥቼ አሳየሁት።» ተሳፋሪው አላህ ያሽረው አለ፤ አንዲት ሴት ብርቱካን ልጣ አስያዘችኝ። አፌን ልከፍት ስል ፊቱን አየሁት። ከስንት ጊዜ በኋላ ሥራ ያገኘ ሰው ይመስላል።

«የት እንደምንወርድም ጠፍቶኛል» አልኩ።

«አይዞህ፣ እኔ አለሁ» አለና እጄን ያዘ።

በዚያው እኔ ቤት ገባ። ጎባ አትሄድም ወይ ሲሉት «በሽተኛ ጥዬ?» ይላል። ሳነቴም ትዝ ብሎት አያውቅም። ስሜ ከጠፋው በኋላ እንኳ በየጠዋቱ አልጋዬ ጫፍ ተቀምጦ ይጠይቀኝ ነበር። «ከመርፌ ቀጥሎ?» ይለኛል።

«ጠፋኝ» እለዋለሁ።

«ሎሚ!» ይላል፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።