ወንድሜን ለማስቀረት የገዛሁት ኮምፒውተር

ኮምፒውተር እንግዛለት ብዬ የተነሳሁት እኔ ነኝ። ማንም አላስገደደኝም። ወንድሜ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነበር። በዚያ ሰሞን አብረውት ኳስ ከሚጫወቱት ልጆች ሦስቱ በዞብል በኩል ወደ አፋር ወርደው፣ ከዚያ በጅቡቲ አድርገው ሳዑዲ ሊገቡ ሄዱ። አንዱ ደረሰ ተባለ። የሁለቱ ወሬ የለም። ቆቦ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር አዲስ አይደለም፤ በየቤቱ አንድ የሄደ አለ። እኔን ያስደነገጠኝ ወንድሜ ነገሩን ምሳ እየበላ፣ ስለ ኳስ እንደሚያወራ አድርጎ ማንሳቱ ነው።

«ቀጣዮቹ እኛ ነን» አለ።

«እኛ ማለት እነማን?» አለች እናቴ።

«እኛ ነና። እዚህ ምን አለ?»

እናቴ ተነስታ ውሃ ቀዳችለት። እውነቱን ነው። ትምህርት ቤቱ ሲከፈት ይሄዳል፣ ሲዘጋ ይመለሳል። በቀረው ጊዜ አስፋልቱ ዳር ካለው ጌም ቤት አይጠፋም። ለመጫወት ገንዘብ ስለሌለው የሚጫወቱትን ቆሞ ያያል። የተበላሸ ነገር ሲኖር ባለቤቱን ያግዛል። የኮምፒውተር ዕቃ ስሞችን የለቀመው እዚያ ነው።

እኔ ታላቅ እህቱ ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል ነው ያቆምኩት። ሥራዬ ሽንኩርት ነው። ከመስኖው እርሻ የመጣውን ትልቁን ከትንሹ ለይቼ ማዳበሪያ ውስጥ እሞላለሁ፣ አይሱዙ መጥቶ ይጭነዋል። አንዳንዴ የተራረፈውን ገበያ አውጥቼ እሸጣለሁ። ሰው ፊት መናገር ግን አልችልም። ባጃጅ ውስጥ «ወራጅ» ማለት ስለሚያቅተኝ ሌላ ሰው እስኪወርድ እጠብቅና አብሬው እወርዳለሁ። ስንት ጊዜ ቤቴን አልፌ በእግሬ ተመልሻለሁ።

ለልብስ ስፌት መኪና ብዬ ያስቀመጥኩት ገንዘብ ነበረኝ። በማግስቱ ልብስ እያጠብኩ፣ እሱ ውሃ እየቀዳልኝ ጠየቅኩት።

«ኮምፒውተር ቢገዛልህ ትቀራለህ?»

ጀሪካኑን አስቀምጦ አየኝ። «ምን ዓይነት ኮምፒውተር?»

«እኔ ምን አውቄ። ጌም የሚያጫውት።»

«ጌም የሚያጫውት ከሆነማ የት እሄዳለሁ? መኪናው እዚያው ውስጥ አለ። ጅዳ ድረስ ቁጭ ብዬ እነዳለሁ።»

ቀልድ እንደነበር አሁን ይገባኛል። ያኔ ግን ቃል እንደገባልኝ አድርጌ ያዝኩት።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት ደህና ነበሩ። ከሥራ ስመጣ የዕቃውን ዝርዝር የጻፈበትን ወረቀት ዘርግቶ ይጠብቀኛል። አዲስ ኮምፒውተር የማይታሰብ ነው፤ ስለዚህ ከቢሮ የወጣ ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዝተን ጌም እንዲችል አንዳንድ ነገር እንጨምርበታለን አለ። ራም፣ ፈጣን ማስቀመጫ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የጌሙን ምስል የምታወጣው ግራፊክስ ካርድ። ካርዷ ከሌለች የቀረው ሁሉ የጽሕፈት ቤት ዕቃ ነው አለኝ። ወረቀቱን አሥር ጊዜ ሰርዞ ጻፈው። አንዱን ሲያሻሽል ገንዘቡ ለሌላው አይበቃም፤ ሌላውን ሲያሻሽል የመጀመሪያው ይወድቃል። በመጨረሻ ማስቀመጫውን በትንሹ አድርጎ ለካርዷ አተረፈ። እንዲህ ተጨንቆ ሲያስብ ትምህርት ላይ እንኳን አይቼው አላውቅም።

ዕቃውን ወልድያ ሄጄ የምገዛው እኔ ነበርኩ። ችግሩ የመጣው እዚህ ጋ ነው። ቆቦ ያለው ሱቅ ስልክና ቻርጀር እንጂ ሌላ የለውም። ወንድሜ ደግሞ መንገድ መውጣት አይችልም፤ ግጭቱ ስላለ ኬላው ላይ መታወቂያ የሌለው ወንድ ልጅ ከመኪና ይወርዳል። ዕድሜው ለመታወቂያ አልደረሰም፣ ቁመቱ ግን ደርሷል። በእኛ ሰፈር በዚያ ጊዜ ሩቅ የሚላከው ሴት ነው፤ እናት ወይ እህት። እናቴ እግሯን ያማታል። ኢንተርኔትም ስለተቋረጠ ሱቅ ገብቼ ፎቶ አንስቼ ልልክለት አልችልም።

ስለዚህ አስተማረኝ። የመኮሮኒ ካርቶን እየቆረጠ በልካቸው ሠራቸውና መሬት ላይ ደረደራቸው።

«ይሄስ?»

«ራም።»

«ሥራው?»

«ጠረጴዛ ነው ብለኸኛል። ሰፊ ሲሆን ብዙ ዕቃ ይይዛል።»

«ጎበዝ! አንቺን ከስድስተኛ ያስወጣ መምህር ይፈር።»

«ማንም አላስወጣኝም። ራሴ ነኝ የወጣሁት።»

«እንግዲያው አንቺ እፈሪ» አለና ካርቶኑን ወረወረብኝ። እናቴ ሳትቀር ሳቀች።

ካርዷ ላይ ሲደርስ ግን ቀልድ የለም። «ሁለት ጊጋ፣ ከአጠገቡ አምስት ቁጥር ያለባት። ተጨማሪ ሽቦ የማትፈልግ፤ የቢሮ ኮምፒውተር ኃይሉ ትንሽ ነው። ሁለትና አምስት። በይ።»

«ሁለትና አምስት።»

«ሌላ ቢሰጥሽስ?»

«አልወስድም።»

«እንዴት ብለሽ?»

«አልወስድም እላለኋ።»

«እስቲ በይኝ፤ እኔ ባለሱቁ ነኝ።»

ማለት አልቻልኩም። ወንድሜ ፊት እንኳን ሳቄ መጣና ፊቴን በነጠላዬ ሸፈንኩ። እሱም ሳቀና ተወኝ። ያን ቀን ባይተወኝ ጥሩ ነበር።

ወልድያ የደረስኩት ረፋድ ላይ ነው። ሱቁ ጠባብ ነው፤ ከጣሪያ እስከ መሬት ካርቶን። ባለሱቁ ወጣት ነው፣ አፉ አያርፍም። ወረቀቱን ስሰጠው አነበበና ቀና ብሎ አየኝ።

«እህቴ፣ ጌመር ነሽ እንዴ?»

አንገቴን ደፋሁ። «ለወንድሜ ነው።»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው። ወንድምሽ ሲሸነፍ የምትስቂው አንቺ ነሽ፣ ፊትሽ ያስታውቃል።»

ሱቁ ውስጥ የነበሩት ሁለት ሰዎች ሳቁ። ክፋት አልነበረውም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ጋለ። ዴስክቶፑን አወጣ፣ ከፍቶ አሳየኝ፣ ሰካው፣ ሠራ። ራሙ ልክ ነው። ማስቀመጫው ልክ ነው። ሁሉንም ከካርቶኖቹ ጋር በልቤ እያስተያየሁ ነበር፤ ስም ሳይጠራልኝ ሁሉንም አውቄያቸዋለሁ። ትንሽ ደስ አለኝ።

ካርዷን ሲያመጣ ግን ሣጥኑ ላይ ያለው ቁጥር አራት ነው። ከአጠገቡ ያለው ሦስት።

«ሁለት ጊጋ ነበር የጻፍሽው። በዚያው ዋጋ አራት አድርጌልሻለሁ። ሁለቱ ምርቃት ነው፤ ከቆቦ ድረስ መጥተሽ» አለ።

ምርቃት እኛ ገበያ ላይ ምን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ። ሽንኩርት ለሚገዛኝ ሰው ሰፍሬ ስጨርስ አንድ እፍኝ ጣል አደርጋለሁ። ሳይጠይቀኝም አደርጋለሁ። ያችን እፍኝ «አልፈልግም» ብሎ የመለሰልኝ ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም፤ ቢያጋጥመኝ እንደ ስድብ እቆጥረዋለሁ። ሰውየው አክብሮኝ የጨመረልኝን እንዴት ብዬ ልመልስ? ደግሞም አራት ከሁለት ይበልጣል። ሦስት ቁጥሩን ግን አይቼዋለሁ። አላየሁም ብል ውሸት ነው።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ። አልያዘልኝም። ደግሜ ደወልኩ። ባለሱቁ ካርቶኑን በገመድ እያሰረ ነበር።

«ችግር አለ እንዴ?»

«የለም» አልኩት። «እግዜር ይስጥልኝ።»

ቤት ስደርስ ወንድሜ በር ላይ ነበር። ገመዱን በጥርሱ ነው የፈታው። ራሙን ሳመው። ካርዷን አወጣ፤ ሣጥኗን አገላበጠ።

«ስንት ነበር ያልኩሽ?»

«ሁለት። አራት ሰጠኝ።»

«ለምን?»

«ምርቃት ነው አለኝ።»

መሳቅ ጀመረ። ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ እኔም አብሬው ልስቅ ስል እሱ አቆመ። «እታለም» አለኝ፣ «ሽንኩርት እኮ አይደለም።»

ከዚያ ቀስ ብሎ አስረዳኝ፤ አልተቆጣኝም። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር ብዬዋለሁ በልቤ። ይቺ ካርድ ትልቅ ጀሪካን ናት፤ አፏ፣ ያ ሦስት ቁጥር፣ ግን በጣም ጠባብ ነው። ብዙ ይዛ በሰዓቱ ማውጣት አትችልም። ያቺኛዋ ትንሽ ጀሪካን፣ አፏ ሰፊ። ጌም የሚፈልገው አፏን ነው። እንዲያም ሆኖ ገጠማት። ከጌም ቤቱ በፍላሽ ያመጣውን የመኪና እሽቅድድም ከፈተው። መኪናዋ ስትነሳ አየናት፤ ከዚያ ቆመች፣ ደግሞ ዘለለች፣ ደግሞ ቆመች። ሰው ፎቶ አንድ በአንድ እያነሳ የሚያሳየን ይመስል ነበር። ጓደኛው አብሮን ነበርና «ይቺ መኪና ናፍጣ አልቆባት ነው?» አለ። ወንድሜ ፈገግ አለ። ዓይኑን ግን ከስክሪኑ አላነሳም።

«ይቀይሩልሻል» አለኝ በማግስቱ። ካርዷን አውጥቶ፣ በጨርቅ ጠርጎ፣ ሣጥኗ ውስጥ መልሷት ነበር። «ጭረት የላትም። ይሄ የጠየቅኩት አይደለም፣ ሁለትና አምስት ነው የጻፍኩት በይው። በቃ። ሌላ ምንም ማለት የለብሽም።»

«እሺ» አልኩ።

ሁለት ቀን መንገዱ እውነትም ተዘግቶ ነበር። በሦስተኛው ተከፈተ። እኔ ግን ሽንኩርቱ ላይ ተቀምጬ ያችን አንድ አረፍተ ነገር እለማመድ ነበር። ይሄ የጠየቅኩት አይደለም። ለማዳበሪያው እላታለሁ፣ ትወጣለች። ሱቁን ሳስበው ትጠፋለች። ሰውየው «ታዲያ ያን ጊዜ ለምን አልተናገርሽም?» ይለኛል፤ ሰዎቹ ዞረው ያዩኛል፤ ስለ ዕቃው አንድ ነገር ይጠይቀኛል፣ እኔ አላውቅም። የሰጠኝን ምርቃት በፊቱ እጥልበታለሁ። ይህን እያሰብኩ ቤት ገባሁ።

«መንገዱስ?» አለኝ ወንድሜ።

«አልተከፈተም አሉ።»

ይህን ስል ሚኒባሱ አስፋልቱ ላይ ጥሩምባውን እያጮኸ አለፈ። ረዳቱ «ሮቢት፣ ወልድያ፣ ወልድያ!» ይላል። ከቤታችን እስከ አስፋልቱ ሩቅ አይደለም። ወንድሜ እኔን አየኝ፤ እኔ ጫማዬን ፈታሁ።  በማግስቱም አልጠየቀኝም። ከዚያ በኋላ ጨርሶ አልጠየቀኝም፤ እኔም ረሳው ብዬ ራሴን አታለልኩ።

የሄደው ሐሙስ ጠዋት ነው። ከጓደኛው ጋር ዳቦ ልንገዛ ብለው ወጡ። እስከ ቀትር ስንጠብቅ ቆየንና እናቴ ልብሱን አየች። አዲሱ ሸራ ጫማ የለም። ስልኩን ትራሱ ሥር ትቶታል፤ በመንገድ ላይ ስለሚቀሟቸው ስልክ ይዘው አይሄዱም ይባላል። እናቴ መሬት ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም። «ምን ጎደለበት?» ብቻ ትላለች፣ «ምን ጎደለበት?» እኔ መልሱን አውቀዋለሁ፤ አልነገርኳትም። እስከ ዛሬም አልነገርኳትም። ካርዷ ብትቀየርም ይሄድ ነበር ሊባል ይችላል። የጓደኛው እናት እንደዚያ ትለናለች፣ ልጆቹ ለመሄድ ካሰቡ ቆይተዋል ትላለች። እኔ ግን ዓይኑን አይቻለሁ፤ የሚኒባሱ ጥሩምባ ሲያልፍ።

ከሄደ በሳምንቱ ካርዷን ይዤ ወልድያ ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ አትጠይቁኝ። ሱቁ ገብቼ ሣጥኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩና «ይሄ የጠየቅኩት አይደለም፣ ሁለትና አምስት ነው የጻፍኩት» አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሰው ዞሮ አላየኝም።

«ውይ፣ የቆቦዋ!» አለ ባለሱቁ። «ወንድምሽ የሚያውቅ ልጅ ነው ማለት ነው። አብዛኛው ሰው ጊጋው ይብዛ ነው የሚለኝ፤ ለዚያ ነው የሰጠሁሽ።» ጎንበስ ብሎ ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ ሣጥን አወጣ። ሁለት፣ አምስት። ሣጥኗን ጠርጎ ሰጠኝ። «በማግስቱ ብታመጪው በማግስቱ እቀይርልሽ ነበር። ሰላም በይልኝ።»

ከገባሁ እስክወጣ ሻይ የሚጠጣበትን ጊዜ እንኳን አልፈጀም።

ቤት ገብቼ ኮምፒውተሩን ራሴ ከፈትኩት። ቦታዋን አውቀዋለሁ። ጠጋ አድርጌ ስጫናት ቀጭ አለች። መብራት ነበር። ማብሪያውን ስነካው ማራገቢያዎቹ ዞሩ፣ ስክሪኑ በራ፤ ከዚያ ፓስወርድ ጠየቀኝ። የስልኩን ቁጥር ጻፍኩ። የተወለደበትን ዓመት ጻፍኩ። የእናቴን ስም፣ የሚወደውን ቡድን፣ የራሴን ስም ጻፍኩ። ሁሉንም አይደለም አለኝ።

እናቴ ከውጭ ሆና የማራገቢያውን ድምፅ ሰማች።

«ሠራልሽ?» አለችኝ።

«ሠርቷል» አልኳት።