እናቴ ስለ ዐይኔ የተናገረችው

ዲላ ዩኒቨርሲቲ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ ድጋፍ ከመፍቀዱ በፊት ቁጭ አድርጎ ይጠይቃል፤ ምን ያቅትሻል፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ምን ቢደረግልሽ ትማሪያለሽ። እኔ ወረቀት አፍንጫዬ ላይ ለጥፌ እንኳ ፊደል የሚጠፋብኝ ሰው ነኝ። ፈተና የሚያነብልኝ ሰውና ተጨማሪ ሰዓት የማገኘው በዚህ ጥያቄ ነበር። የመጀመሪያው ሴሚስተር ውጤቴ ማስጠንቀቂያ አሰጥቶኛል፤ ሁለተኛውም እንዲሁ ከሆነ ጓዜን ጠቅልዬ ወደ መንደሬ ወደ አሪቻ መመለሴ ነው። የድጋፍ ክፍሉ ባለሙያ «ከልጅነትሽ ጀምሮ የሚያውቅሽ ሰው ይዘሽ ነይ» አለኝ። ያ ሰው እናቴ ናት። እናቴ ደግሞ ዐይኔ ድኗል ብላ በጉባኤ ፊት መስክራለች።

አሥረኛ ክፍል ሳለሁ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጅ ተጭኖ ተጸለየልኝ። በማግስቱ ጠዋት እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ይታይሻል?» አለችኝ። «ዛሬስ ትንሽ በራልኝ» አልኳት። እውነቴን ነበር፤ ስንት ቀን ሲዘንብ ከርሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር። እሑድ የምስክርነት ሰዓት ሲደርስ ተነሥታ ተናገረች፣ ሰው እልል አለ። ከዚያ ወዲያ በቤታችን አይታየኝም ማለት ፈውስን መካድ ሆነ። ግንባሬ ከበሩ ጋር ሲላተም እንኳ «በአፍሽ ክፉ አትናገሪ፣ አሜን በይ» ትለኛለች። አሜን እያልኩ እብጠቴን አሻለሁ፤ ውስጤ ግን ይበግናል።

መጠየቋን ግን አልተወችም። መንገድ ስንሄድ «ያ በሬ ይታይሻል? ማዶ ያለው እንሰትስ ይታይሻል?» ትላለች። ለእኔ ማዶው ሁሉ አረንጓዴ ጭጋግ ነው። «አሜን» እላታለሁ።

ከቀጠሮው በፊት ባለው ቅዳሜ ላዘጋጃት ወደ ቤት ሄድኩ። የዶርም ጓደኛዬ «ሼም የለውም፣ የማትችዪውን ሁሉ ዘርግፊው» ብላ መክራኛለች። እሷ ምን አለባት። ባለሙያው ፊት እንደማላይ እንድትናገርልኝ ስለምናት እናቴ ቆጮ እየጋገረች እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እና እኔ ልዋሽ ነው?» አለች።

«እውነቱን ነው የምትናገሪው።»

«እግዚአብሔር ፊት የተናገርኩትስ?»

ተናደድኩ፤ በእሷ ይሁን በእግዚአብሔር አላውቅም። ትምጣ አትምጣ ሳትነግረኝ ወደ ዲላ ተመለስኩ።

በቀጠሮው ቀን የእሑድ ቀሚሷን ለብሳ መጣች። ባለሙያው ትሑት ሰው ነው፤ «እማማ፣ ልጅዎን ቤት ውስጥ ምን ያስቸግራታል?» ብሎ ጠየቃት። በሹክሹክታ መጸለይ ስትጀምር አበቃልኝ አልኩ።

«ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና ማጠቢያ አብሮኝ ይሠራ ነበር» አለች በመጨረሻ። ስትጨነቅ አማርኛዋ ሴትና ወንድ ይቀላቅላል፤ «እሱ» የምትለው እኔን ነው። «ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ይሰጣል፣ እኛ ብልሹውን እየለቀምን እንጥላለን። እሱ ጥሩውን ይጥላል፣ ብልሹውን ይተዋል። ኃላፊው እንዳያባርረው ብዬ፣ ሰው ምሳ ሲሄድ እኔ የእሱን ደግሜ እለቅማለሁ። ልጄ ጎበዝ ነኝ ይላል፣ እኔ ዝም እላለሁ። ጌታ ያውቃል፣ ልጄ አያይም። ያኔም አያይም፣ ዛሬም አያይም።»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በቡና ለቀማ ማንም አይደርስብኝም ብዬ አምን ነበር። በየቅዳሜው ምሳ ሳትበላ ስትቀር ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም። ከጎኔ ትንፋሿ ሲቆራረጥ ሰማሁ። እኔም አለቀስኩ፤ ባለሙያው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ነገር እያነሣ ያስቀምጥ ነበር።

ድጋፉ ተፈቀደልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፣ አላለኝም።

ወደ መናኸሪያ ስሸኛት ባጃጁ ውስጥ እጄን ያዘች። ገበያው ጋ ስንደርስ መናገር ጀመረች፣ በቋንቋችን በጌዴኦኛ፣ ቀስ ብላ። «ገበያው ሞልቷል። ሴቶቹ አቮካዶ ደርድረዋል። አንዷ ቀይ ጃንጥላ ዘርግታለች፣ ልጇ ከሥሩ ተኝቷል።»

«ይታይሻል?» እስክትል አሜን አፌ ላይ ይዤ ጠበቅኳት። አልጠየቀችኝም። ከዚያ ቀን ወዲህም ጠይቃኝ አታውቅም።