ሦስት ልጆችና አንዲት ግመል

ወዳጆቼ፣ ልጆቼ ዛሬ ለግመል እጅ ነሡ!

እዚህ መተማ የአንድ ነጋዴ ልጆች ሞግዚት ነኝ። አጎታቸው ሐጂ ከሱዳን፣ ከገዳሪፍ በመጡ ቁጥር ሐላዋ የሚባለውን ጣፋጭ ስለሚይዙ፣ ሦስቱም ሰላምታውን ትተው የእሳቸውን ኪስ መበርበር ለምደዋል።

ዛሬ ጠዋት እናታቸው፣ «ስድ አደረግሻቸው! ዛሬም አጎታቸው ሲመጡ ካሳፈሩኝ ወደ አገርሽ ወደ ሳንጃ ትመለሻለሽ» አለችኝ።

ስለዚህ እስከ ምሳ ድረስ አሠለጠንኳቸው። «መጀመሪያ ዝቅ ብላችሁ ‹እንደምን ዋሉ› በሉ። ስለ ሐላዋ ትንፍሽ እንዳትሉ!»

ከሰዓት በኋላ ሐጂ በላብ ተጠምቀው ደረሱ። አገሩን የያዙት ጣሊያኖች ድንበሩ ኬላ ላይ ሲበረብሯቸው ነው የዋሉት። (ልጆቹ ከእነሱ ተምረው ይሆን?)

የሐጂ እጅ ባዶ ነው። ጭነቱ ያለው ግመሏ ላይ ነው።

ልጆቹ የሐጂን እጅ አዩ፤ ግመሏን አዩ። ከዚያ አጎታቸውን አልፈው ግመሏ ፊት ተሰለፉና ዝቅ አሉ፦ «እንደምን ዋሉ?»

ልቤ ሳንጃ ደረሰ።

ሐጂ ግን ከግመሏ ኋላ ተደብቀው፣ ግመሏ የምትናገር አስመስለው በቀጭን ድምፅ፣ «ደኅና ነኝ ልጆቼ፣ አልሐምዱሊላህ! ሐላዋው ግን የዚያን ሽማግሌ እጅ ቀድሞ ለሳመ ነው» አሉ።

ማን ቀደመ መሰላችሁ? እናትየው!

የእናንተዎቹስ እንዴት አሳፈሯችሁ? እስቲ አውሩኝ፤ እኔ እንደሆነ የደረሰኝን ሐላዋ እየላስኩ እዚሁ መተማ አለሁ።