አንሱት ያልኩት እኔ ነኝ

ይህን ለሰው ስናገር የመጀመሪያዬ ነው። ባሌ አያውቅም። የንስሐ አባቴም አያውቁም፤ በየዓመቱ ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን፣ የቤት ሠራተኛዬን መሳደቤን ዘርዝሬ እመለሳለሁ። ትልቁን ኃጢአት በትንንሾቹ ሸፍኜ ኖሬአለሁ። ሁለት ሰው ሞቷል፣ የአንድ ሰው ዓይን ፈሷል። ያደረግሁት እኔ ነኝ።

መሐንዲስ ነኝ፤ ጎንደር ውስጥ አስተምራለሁ። አባቴ ሲሞት ወስዶ ያሳደገኝና ያስተማረኝ አጎቴ ሥራ ተቋራጭ ነው። ሥራ ተቋራጭ ፈቃዱን ለማሳደስ የሙያ ምስክር ወረቀት ያለው መሐንዲስ በቋሚነት መቅጠሩን ማስመዝገብ አለበት። መሐንዲሱ ደግሞ ለስም ብቻ አይደለም የሚፈለገው። ሥራው ቦታ ተገኝቶ ማየት፣ መፈተሽ፣ ሲያስፈልግም «ይህ አይሆንም» ማለት አለበት። የአጎቴ መሐንዲስ ጥሎት ሲሄድ እኔ ወረቀቴን ከያዝኩ ወር አልሞላኝም ነበር። ስጪኝ እንኳ አላለኝም፤ ራሴ ወስጄ ሰጠሁት። በመስታወት አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቀለው። ሳንቲም አልተቀበልኩም። አያችሁ? አሁንም ራሴን ላሳምር ነው።

አጎቴ አምባ ጊዮርጊስ ላይ ባለ አንድ ፎቅ የገበያ ሱቅ ይሠራ ነበር። ሠራተኛውን የሚያዘው አያ ምናሉ የሚባል ፎርማን ነው፤ ዕድሜውን ሁሉ በግንባታ ላይ የጨረሰ የወገራ ሰው። እኔ እዚያ የረገጥኩት አንድ ቀን ብቻ ነው፣ እሱም ፎቶ ለመነሳት።

የፎቁ አርማታ በተሞላ በዘጠነኛው ቀን፣ ክፍል ልገባ ስል አያ ምናሉ ደወለልኝ። አጎቴ አርማታውን ከሥር የደገፉትን የባሕር ዛፍ ቋሚዎች ነቅለህ ጠዳ ወዳለው ሌላ ሥራዬ ላክ ብሎታል።

«ልጄ፣ እኔ ገና ነው ባይ ነኝ» አለኝ። «መጥተሽ በዓይንሽ ብታይው ሸጋ ነበር። አንቺ አይሆንም ካልሽ አጎትሽም ይሰሙሻል።»

ዘጠኝ ቀን እንደማይበቃ አውቅ ነበር። ለተማሪዎቼ የማስተምረው ይህንኑ ነው። ግን ያሳደገኝን ሰው እንዴት እንቢ ልበል? ደግሞም፣ እውነቱን ልናገርና፣ ክፍል ረፍዶብኝ ነበር። «አንሱት» አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ገባሁና ሁለት ሰዓት ሙሉ አስተማርኩ።

ከሰዓት በኋላ ፎቁ ወረደ። ተደውሎልኝ በሚኒባስ ስደርስ ሁለት የቀን ሠራተኞች ከፍርስራሹ ወጥተው ተጋድመዋል። ወንድማማቾች ናቸው። በጋቢ ሸፍነዋቸዋል፤ የታናሹ እግር ግን እግር በማይታጠፍበት በኩል ታጥፎ ከጋቢው ወጥቷል። እናታቸው ድንጋይ አንስታ ደረቷን ትደቃ ነበር፣ ሁለት ሰው ይዟት አልቻላትም። አጎቴ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ተጠልሏል። ከመንደራቸው የመጡት ዘመዶች ዱላ ጨብጠው «መሐንዲሱ የታለ? መሐንዲሱን አምጡ» ይላሉ።

እኔ እዚያው መካከላቸው ነበርኩ፣ ነጠላዬን ተከናንቤ። መሐንዲስ ሲሉ በልባቸው ያለው ወንድ ነው፤ ወደኔ የዞረ አንድ ሰው አልነበረም። እንዲያውም አንዲት ሴትዮ ዘመድ መስዬያት አንገቴን አቅፋ አለቀሰች። እኔም አብሬያት አለቀስኩ።

«ሠራተኛውን የሚያዝ ይኸ ነው» አለ አንዱ። አያ ምናሉ በባዶ እጁ ፍርስራሽ ሲቆፍር ነበር፣ ጣቶቹ ተልጠዋል። የመጀመሪያው ዱላ ትከሻው ላይ አረፈ፣ ሁለተኛው ጉልበቱ ላይ። ሲወድቅ በእርግጫ ተረባረቡበት።

«ማነው አንሱት ያለህ? ተናገር፣ ማነው?»

በእግሮቻቸው መሃል ቀና ብሎ አየኝ። ዓይን ለዓይን ተያየን። አፉ ደም ሞልቶታል፣ ግን መናገር ይችል ነበር። አልተናገረም። «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? ጠዋት አንሱት ለማለት የቸኮለው አፌ ያኔ ምን ነካው? አንዱ ጎረምሳ ከፍርስራሹ ፌሮ መዞ ፊቱ ላይ አሳረፈበት። እርጥብ እንጨት ሲሰበር የሚያሰማው ድምፅ ተሰማኝ። ግራ ዓይኑ ጉንጩ ላይ ወረደ። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ቆሜ አየሁ። ፖሊስ ወደ ሰማይ ተኩሶ እስኪያስጥለው ድረስ ቆሜ አየሁ።

በማግስቱ አጎቴ የመልቀቂያ ደብዳቤ አዘጋጅቶ መጣ፤ ቀኑ አንድ ወር ወደ ኋላ ተመልሷል። ፈረምኩ። አጎቴም «ፎርማኑ ያለ ፈቃዴ ነው የነቀለው» አለ። አያ ምናሉ ፍርድ ቤት ቀርቦ «መሐንዲሷ በስልክ አዛኝ ነው» ቢልም ወረቀት ከእሱ በላይ ታመነ። በአንድ ዓይኑ ሁለት ዓመት ታሰረ።

ሲፈታ ልጠይቀው ሄድኩ። ስኳርና ዘይት ይዤ፣ እንደ ደግ ሰው። ደጁ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት።

«አያ፣ ምነው ያን ቀን ዝም አልክ?» አልኩት።

«አንቺን ቢመቱሽ ትሞቻለሽ ብዬ» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አንድ ነገር ብቻ አድርጊልኝ። አንሱት ያልሽው አንቺ መሆንሽን ለሚስቴ ለጥሩ ንገሪያት። እኔ ብነግራት ሰበብ ይመስላታል። ነፍሰ ገዳይ ነው ብላ ነው አብራኝ የምትኖረው» አለኝ።

እሺ አልኩት። ገባን። ሚስቱ እትዬ ጥሩ መደብ ላይ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠችኝ፣ ሽሮ አቀረበች፣ አጎረሰችኝ። ከዚያ እጄን ያዘች።

«በእሱ ጥፋት ያንቺም ስም ተነስቶ ነበር አሉ። ይቅር በይው ልጄ፣ እባክሽ።»

አያ ምናሉ በአንድ ዓይኑ እያየኝ ነበር። እንደዚያን ቀን።

«ይቅር ብየዋለሁ» አልኩ።

ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። እኔ የቀረበልኝን በልቼ ጨርሼ፣ እጄን ታጥቤ፣ ጎንደር ገባሁ።

ይቅር በሉኝ አልላችሁም። ምን አድርጌአችሁ? ለእናንተ መናገር ለእሷ መናገር አይደለም። ባልና ሚስቱ ዛሬም በሕይወት አሉ፣ መኪናውም በየጠዋቱ ወደዚያ ይሄዳል። እትዬ ጥሩ ማንበብ አትችልም። ይህን እያወቅሁ ነው የጻፍኩት።